ሠላሳ አንደኛው መስመር

ሕሊና የወረቀቱን አንድ ጥግ ገንጥላ ሁለተኛውን ስትይዝ፣ የአያ ባዘዘው ከዘራ በጣቶቿና በወረቀቱ መሀል ገባ።

«እጅሽን አንሺ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። «ይህ የኮሚቴ ወረቀት ነው። ማኅተም አለበት።»

«ማኅተሙ የእናንተ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከእኔ ነው የወጣው። እኔ ሰጠኋችሁ፣ እኔው አነሳዋለሁ።»

«የሰጡትን መልሶ መውሰድ? የዳባት ሰው ስጦታው እንዲህ ነው እንዴ?»

በባትሪ ቤቱ ጥላ ሥር የተቀመጡት ገበሬዎች ሳቁ። የኮሚቴው ጸሐፊና ወፍጮ ፈጪው ያርጋልም ከወፍጮው በር ላይ ሆኖ ሳቀ። ሕሊና ግን ደሟ ፈልቶ ነበር። ስትመጣ የተበላሸ ቆጣሪ ልትቀይር ነበር እንጂ ለጠብ አልመጣችም። ገና ከአስፋልቱ ወርዳ መንደሩ ስትገባ ነው የባትሪ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ያየችው። ተጠግታ ብታነብ የራሷ ጽሑፍ። የራሷ ሠንጠረዥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስታ ሜዳ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብላ ያለች የአርባ ቤት መንደር ናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሶላር መብራት ገብቶላታል፤ አምፖሉም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውም፣ ወፍጮውም ከአንድ ባትሪ ቤት ነው የሚጠጣው። ሕሊና ዳባት ሂሳብ ታስተምራለች፤ ትምህርት በማይኖርባት ቀን ደግሞ ለማስተርሷ ጥናት ትሠራለች። ጥናቷ ሰው በስንት ሰዓት ምን ያህል መብራት እንደሚጠቀም ነው፤ በየቤቱ ያለው ቆጣሪ በየግማሽ ሰዓቱ ይጽፍላታል። አያ ባዘዘው የመብራት ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። የሰንበቴው ሙሴም እሳቸው ናቸው፤ ማለትም እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሚበላውና ለሚጠጣው ማኅበር አለቃው እሳቸው ናቸው፤ ማን በየትኛው እሁድ ዳቦና ጠላ ይዞ እንደሚመጣ ተራውን የሚያስጠብቁ። በልጅነታቸው ባሕረ ሐሳብ ተምረዋል። የመጪውን ፋሲካ ቀን ወረቀት ሳይነኩ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይነግሩሃል።

ታዲያ በዚህ ሁዳዴ ባትሪው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞት ጀመር። አያ ባዘዘው «ማን ነው የሚጨርስብን?» ብለው ጠየቁ፤ ሕሊናም በቅን ልቧ የአንድ ወር ሠንጠረዥ አትማ ሰጠቻቸው። ስም አጠፋች። ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ብቻ አስቀመጠች። ስም ካጠፋሁ ምን ይመጣል ብላ ነዋ። ኮሚቴው ግን ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፈው፤ ሰዉም ሠላሳ አንደኛውን መስመር እያየ አገርነሽ የምትባለውን ጎረቤቱን ያማ ጀመር።

«እሺ» አለች አሁን፣ ወረቀቱን ሳትለቅ። «እዚህ ላይ ስም የለም። ሠላሳ አንደኛው መስመር የአገርነሽ ነው ያላችሁ ማነው?»

ያርጋል ከወፍጮው በር መለሰ፤ «ማን ይበለን? መስመሩ ራሱ ነዋ። አንደኛው የአያ ባዘዘው፣ ሁለተኛው የክንዴ፣ ሦስተኛው የእኔ። በሰንበቴ ተራ ነው የሄድሽው እኮ። ሠላሳ አንድ ስትይ መንደሩ ሁሉ አገርነሽ ነው የሚልሽ፤ ተራዋ የፊታችን እሁድ ነው።»

ሕሊና ወረቀቱን ለቀቀችው።

ቆጣሪ የገባ ጊዜ ኮሚቴው ቤቶቹን የመዘገበበት ዝርዝር ነበር፤ እሷም በዚያው ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጠች። ኮሚቴው ደግሞ መንደሩ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ ሌላ ዝርዝር ስለሌለው የሰንበቴውን ተራ ነበር የገለበጠው። ይህንን ተራ ደግሞ አስታ ሜዳ ላይ የማያውቅ ሰው የለም፤ ከዳዊት ቀጥሎ በቃል የሚያዝ እሱ ነው። ስም ደብቄያለሁ ስትል ስሙን በጉልህ ጽፋ ሰጥታለች። ዩኒቨርሲቲ ስትማር ስንት ገጽ አንብባ ነበር ስለ ሚስጥር አጠባበቅ፤ አንዱም ገጽ ግን ሂጂና በመጀመሪያ ሰዎቹ በምን ተራ እንደሚኖሩ ጠይቂ አላላትም።

«እና እሁድ ምን ልታደርጓት ነው?» አለች።

«ዳቦዋን አንቀበልም» አሉ አያ ባዘዘው። «ተራዋ ይታለፋል። በሁዳዴ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በየቀኑ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ምድጃ ይለኮሳል። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምራቃችንን እየዋጥን፣ እሷ ጧት በልታ፣ እሁድ ደግሞ የእሷን ዳቦ ባርከን ልንቆርስ? ወረቀቱ ባያወጣው ኖሮ እስከ ዛሬም አናውቅም። ይልቅስ ላመሰግንሽ ነበር።»

«እኔን አያመስግኑኝ።»

«ለምን? 'የተሰወረ የማይገለጥ የለም' ይላል ወንጌሉ።»

«የሚገልጠው እግዚአብሔር ነው የተባለው፤ ያርጋል አይደለም።»

ከገበሬዎቹ አንዱ በአፍንጫው ሳቀና ወዲያው ጋቢውን አፉ ላይ ጎተተ። ያርጋል ፊቱን አዞረ።

«አያ ባዘዘው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ሕሊና። «ንስሐ ይገባሉ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ? ክርስቲያን አይደለሁም?»

«የነፍስ አባትዎ የነገሯቸውን ሁሉ ጽፈው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቢለጥፉትስ?»

«ክህነቱ ይያዛል።»

«የጻፉት እኮ እውነት ነው።»

«እውነትማ ቢሆን። በአደራ የተቀመጠ እውነት ነው። አደራ ይበላል እንዴ?»

«እኔም እሱን ነው የምልዎት። ይህ ቆጣሪ በየሰው ቤት ገብቶ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ ከቤት እንደሚወጣ፣ እንግዳ እንዳለበት፣ በሽተኛ እንዳለበት ሲያይ ይውላል። አገርነሽ መብራት አስገቡልኝ አለች እንጂ ንስሐዬን ተቀበሉኝ አላለችም።»

«ቆጣሪ ቄስ አይደለም ልጄ። ብረት ነው።»

«ብረት ስለሆነማ ነው የምፈራው። ቄስ አይቶ ያዝናል፤ ምክንያቱን ይጠይቃል። ብረት ጧት አንድ ሰዓት ላይ ምድጃ ተለኮሰ ብሎ ይጽፋል፤ ለምን እንደተለኮሰ አይጽፍም። ምክንያቱን እናንተ ከልባችሁ ጨመራችሁበት።»

«ሰው ጧት ምድጃ የሚለኩሰው ለመብላት ነው፤ ለሌላ ለምን ይለኩሳል?»

«ለስንት ነገር። ልጅ ለማጠብ፣ ሽማግሌ ለማሞቅ፣ መድኃኒት ለማፍላት። ሊበላም ይችላል። ይብላ። የነፍስ አባቱ ፈቅዶለት እንደሆነ እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

አያ ባዘዘው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። ክርክር ይወዳሉ፤ አለመሸነፍን ደግሞ አብልጠው ይወዳሉ። ይህ የተደገፉት ግድግዳ እንኳ ሲሠራ ሦስት ሳምንት ተሟግተዋል። ያለ ሲሚንቶ፣ ከታመቀ አፈር በተሠራ ጡብ ነው የቆመው፤ እሳቸው «በመጀመሪያው ክረምት እንደ ጨው ይሟሟል» ብለው ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ፣ ጡብ ለመተኮስ ደን አልተቆረጠ፣ ግድግዳው እንደቆመ ነው፤ እሳቸውም ይኸው ተደግፈውት ይከራከራሉ።

«ይሁን» አሉ። «ግን ፈቃድ ሰጥተናል። ጥናቱን ስትጀምሪ ወረቀት አምጥተሽ እኔ ነኝ የፈረምኩልሽ። ስለ መንደሩ።»

«እሱም ጥፋቴ ነው» አለች ሕሊና። «እኛ ጥናት የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ነን። መኪና አስነስተን እንመጣለን፣ አንድ ሽማግሌ እናስፈርማለን፣ አርባ ቤት ከፍተን እንገባለን። ንስሐ በውክልና ይገባል? እርስዎ ስለ አገርነሽ ኃጢአት መናገር ካልቻሉ ስለ አገርነሽ ምድጃ እንዴት ይፈርማሉ?»

ይኼኔ ነው አገርነሽ ራሷ የመጣችው። የእሁዱን ስንዴ በጀርባዋ አዝላ ወደ ወፍጮው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ሰው ስታይ ቀድማ ሰላም የምትል። ዛሬ ሰላም አላለችም። ስንዴውን ያርጋል እግር ሥር አወረደችና «ፍጭልኝ» አለችው።

«ለማን ነው?» አለ ያርጋል። «አትድከሚ ብዬ እኮ ነው። ሙሴው ተናግረዋል።»

«አንተ ፈጪ ነህ። ስንዴ ሲሰጡህ ትፈጫለህ። ለማን እንደሆነ የሚጠይቅ ወፍጮ ዛሬ ባንተ አየሁ።»

«አገርነሽ» አሉ አያ ባዘዘው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። «ለእኛም ደስ ብሎን አይደለም። ምክንያት ካለሽ ተናገሪ። እዚሁ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት። ምክንያቱ ከበቃን ተራሽ ተራሽ ነው።»

«ምክንያት አለኝ አያ ባዘዘው። የነፍስ አባቴ ያውቃሉ፤ ፈቅደውልኛል። ከሳቸው በላይ ለማን ልናገር?»

«ሰው እንዲያምንሽ ነዋ።»

«ሰው እንዲያምነኝ ጓዳዬን ልክፈት? አንዱን ከፍታችሁ አሳያችሁት፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን እኔው ልክፈትላችሁ?» የጠላ ጥንስስ የነካካውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ጠላው ደርሷል። ዳቦውን ነገ እደፋለሁ። እሁድ ይዤ እመጣለሁ። ካልተቀበላችሁኝ ለድሆች በበሩ ላይ እሰጣለሁ። አልናገርም።»

ምክንያቷ ምን እንደሆነ እዚህም አይጻፍም። የእሷ ነው።

ሕሊና አገርነሽን ለማየት አፈረች። ይቅርታ ልትላት ፈለገች፤ ግን ይቅርታ እዚያ ቦታ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሌላ ሸክም መስሎ ታያት። ንዴቷ ተመልሶ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አያችሁ?» አለች። «ንጹሕነቷን ለማሳየት ሚስጥሯን መሸጥ አለባት። ይሄ ፍርድ ነው? በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው እንጂ።»

አያ ባዘዘው ተቆጡ። አሁን ነው የምር የተቆጡት።

«እኔን ልጄ እንዲህ አትናገሪኝ። እኔ የራሴን ደብቄ የሰውን አልለጠፍኩም፤ የመጀመሪያው መስመር እኮ የእኔ ነው። የራሴንም ለጥፌያለሁ። አንብቢው። ጮክ ብለሽ። የደበቅሁት ካለ ይሰማ።»

«አላነብም።»

«አንብቢ ነው የምልሽ። ፈራሽ?»

ሕሊና ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለከተች። ብዙ ጊዜ ቁጥሩን አይታዋለች፤ ሰውየውን ግን በቁጥሩ ውስጥ ፈልጋ አታውቅም። አሁን ፈለገች። በንዴት ነው የፈለገችው፤ እውነቱን ለመናገር የሚያሸንፍ ነገር ለማግኘት። ጧት ምንም። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ምንም። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ትንሽ ቁጥር። ሁለት አምፖል፣ ልክ ግማሽ ሰዓት። በማግሥቱ ስድስት ሰዓት፣ እንደገና። ወሩን ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳያዛንፍ። አስታ ሜዳ ላይ ቀትር አምፖል የሚያበራ ሌላ ቤት የለም።

አያ ባዘዘው ቀን ቀን በስድስት ሰዓት ዳዊት እንደሚደግሙ አገር ያውቃል። ወረቀቱንም ያነበበላቸው ያርጋል ነው። የሰንበቴውን ጸሎት ከመጽሐፍ የሚያነቡት ግን እሳቸው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም አልሰጡትም።

ሕሊና ተረዳች። አፏ ድረስ መጣ። አንድ ቃል ብትናገር ክርክሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ያርጋልም ገበሬዎቹም ይሰሙ ነበር፤ አገርነሽም ትካስ ነበር።

«እዚህ አልናገርም» አለች ቀስ ብላ። «ከፈለጉ ወደዚያ እንሂድ። ለእርስዎ ብቻ።»

«እዚሁ በይ።»

«አልልም አያ ባዘዘው። ቢመቱኝም አልልም።»

ሽማግሌው ፊቷን ለማየት ዐይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ከባትሪ ቤቱ ጀርባ ወዳለው የድንጋይ ካብ ሄዱ፤ ተከተለቻቸው። ጎንበስ ብላ ነገረቻቸው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው።

አያ ባዘዘው ካቡ ላይ ተቀመጡ። ታች ገደሉ ውስጥ ዝንጀሮዎች ይጮሃሉ።

«መሀሉን ነው የማላይ» አሉ በመጨረሻ። «ዳሩ ይታየኛል። ሰው ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ ፊደሉ ግን ጉም ይመስለኛል። ለባለቤቴም አልነገርኩ። ብናገር መጽሐፉን ይወስዱብኛል።»

«ለማንም አልናገርም።»

«አንቺስ አትናገሪም። ወረቀቱ ስንት ቀን ቆየ እዚያ በር ላይ?»

«ሦስት ቀን አሉኝ።»

«ስንት ሰው አየው?»

«እንጃ። ወፍጮ የመጣ ሁሉ።»

«እኔው በእጄ ለጠፍኩት» አሉ። «ሰው ሁሉ የአገርነሽን ጓዳ እንዲያይ በር ስከፍት የእኔም ተከፍቶ ኖሯል። እንግዲህ የእኔን ያላዩት ስለማይፈልጉኝ ነው እንጂ ስለተሸፈነ አይደለም። የሚፈልገኝ ቀን ያገኘኛል።»

«እንደሱ ነው። ዛሬ የጾም ነገር ሆነ። ነገ ሌባ ያየዋል፤ የትኛው ቤት ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን ይነግረዋል። ከነገ ወዲያ ልጁን የሚድር ሰው የትኛው ቤት በሽተኛ አለ ብሎ ይቆጥራል።»

አያ ባዘዘው ተነሡ። ወደ በሩ ተመለሱና ወረቀቱን በገዛ እጃቸው ገነጠሉት፤ ለማኅተሙ እንኳ አልሳሱም። ያርጋል «አያ...» ብሎ ጀምሮ ፊታቸውን አይቶ ተወው።

«የዚህችን ስንዴ ፍጭላት» አሉት።

ከዚያ ወደ ሕሊና ዞሩ። «እሺ፣ ይኸው ወረደ። ግን የባትሪውን ነገር ምን እናድርገው? ጧት ጧት ምድጃ መለኮሱ እውነት ነው። ማንነቱን ሳልጠይቅ ስንት ቤት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ? ሚስጥር ይጠበቅ እያልሽ ጨለማ ውስጥ ልታስቀምጪን?»

ይህ ነው ጥሩ ጥያቄ። ሕሊና ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ተማሪዎቿ ዳባት ላይ «ሂሳብ ምን ያደርግልናል?» ሲሏት መልስ እያጠራት ትማረር ነበር፤ መልሱ እዚህ የታመቀ አፈር ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ኖሯል። «ከሠንጠረዡ ብቆጥር ያለ ፈቃዳቸው የወሰድኩትን ዳግም መንካት ነው» ብላ ከኪሷ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣች።

«ይህ በአንድ ወገን አንበሳ አለው፣ በሌላው ሚዛን። አርባ ሰው ይህን በጋቢው ውስጥ ቢወረውር፣ ለማንም ሳያሳይ፣ ለስንቱ አንበሳ ይወጣል?»

«ለሃያ ያህሉ።»

«አንበሳ የወጣለት ሁሉ እጁን ያንሣ። ሚዛን የወጣለት ደግሞ፣ በሁዳዴ ጧት ምድጃ ለኩሶ እንደሆነ ብቻ ያንሣ፤ ካልለኮሰ አያንሣ። እጁን ያነሣውን ሰው አይተው ምን ይሉታል?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ምንም አልለውም። አንበሳ ወጥቶለት ይሆናል።»

«እንግዲህ ሠላሳ እጅ ቢነሣስ?»

አያ ባዘዘው አውራ ጣታቸውን ወደ ጣታቸው አንጓ ወሰዱ፤ እንደ ፋሲካ አቆጣጠር። «ሃያው የአንበሳ ነው። አሥሩ ይተርፋል። አሥሩ ሚዛን ከወጣላቸው ከሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ግማሽ ማለት ነው። ስለዚህ ከአርባውም ግማሹ... ሃያ ቤት ለኩሷል።» ጣታቸውን አቆሙ። «አንድም ሰው ሳይታወቅ።»

«አንድም ሰው ሳይታወቅ። ትንሽ ሊያዛንፍ ይችላል፤ ሳንቲም ነው። ግን ለባትሪው ይበቃዎታል።»

«ቆይ፣ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊዋሽ ነው? አልለኮስኩም እያለ እጁን ሊያነሣ?»

«አይዋሽም። እጅ ማንሣት ማለት 'ወይ አንበሳ ወጥቶልኛል፣ ወይ ለኩሻለሁ' ማለት ነው ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው። እጁን ያነሣ ሁሉ እውነት ተናገረ።»

«ወይ... ወይ» አሉ ሽማግሌው፣ ቃሉን እንደ አዲስ እህል እያላመጡ። «ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ ይህን ቢሰሙ አያስተኙሽም ነበር። ለልጆቹ እንዲህ እያደረግሽ ነው የምታስተምሪያቸው?»

«እንዲህ አላስተምራቸውም ነበር። ካሁን በኋላ ግን እንዲህ ነው።»

እሁድ ቅዳሴ አልቆ ማኅበረተኛው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሲቀመጥ አገርነሽ ዳቦዋን በአገልግል፣ ጠላዋን በእንስራ አድርጋ ከበሩ ውጭ ቆመች። ማንም ግቢ አላላትም፤ ማንም አትግቢም አላላትም። አያ ባዘዘው ተነሡና ነገሩን አስረዱ፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ እያሉ። ክንዴ «ሙሴ፣ ቁማር ጀመርን እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው። ሳንቲሙ በየጋቢው ውስጥ ዞረ። ሰው እያጮለቀ ያያል፣ መልሶ ይሸፍናል። አገርነሽም ከበሩ ውጭ ሆና ተሰጣት።

«አሁን እጅ» አሉ።

ሃያ አምስት እጅ ተነሣ። የአገርነሽም ተነሥቷል። የያርጋልም። የአያ ባዘዘውም።

ሽማግሌው ጣታቸው ላይ ቆጠሩ። «ሃያው የአንበሳ። አምስቱ ከሃያ። ስለዚህ ከአርባው ቤት አሥር ያህሉ በሁዳዴ ጧት ይለኩሳል።» ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ሴት ላይ ብቻ ጣቱን ሲቀስር የነበረ ሰው አሁን ከጎኑ ያለውን ይገምታል፣ ከጎኑ ያለውም እሱን።

«እነማን እንደሆኑ አልጠይቅም» አሉ አያ ባዘዘው። «የሚጠይቃቸው የነፍስ አባታቸው ነው። የአገርነሽን መስመር አይተን ፈረድን፤ የሌላውን ስላልፈለግነው አላየንም። እኔ ራሴ ወረቀቱ ላይ ነበርኩ። ዐይኔ እየደከመ ነው፤ ቀትር ላይ አምፖል አብርቼ ነው የማነበው። ይህን ቁጥሩ ከሚነግራችሁ እኔ ብነግራችሁ ይሻላል። ካሁን በኋላ የቤት ቁጥር ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል። ኮሚቴው የሚያየው የአሥር አሥር ቤት ድምር ነው። ለጥናት የሚመጣ ሰው በየቤቱ ገብቶ ያስፈቅድ፤ እኔ ስለ ማንም አልፈርምም።»

ከዚያ በሩ ድረስ ሄደው አገልግሉን ከአገርነሽ እጅ ተቀበሉና ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ።

ከዚያ ወዲህ አስታ ሜዳ ላይ አሥር ያህል ቤት ጧት እንደሚለኩስ ስለታወቀ፣ ማንም ሳይሰደብ ወፍጮው ከጧት ወደ ቀትር ተዛወረ፤ ባትሪውም ምሽቱን ይዘልቃል። ሕሊና ጥናቷን ከመጀመሪያ ጀመረች፤ አርባውን ቤት አንድ በአንድ አንኳኩታ። አራቱ እምቢ አሏት፤ አራቱን ተወቻቸው። አያ ባዘዘው ጎንደር ሄደው ዐይናቸውን ታዩ። መጽሐፉን ማንም አልወሰደባቸውም።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ወረቀቱ በሩ ላይ ሳለ አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አንሥቶታል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ፎቶው አሁንም ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ በቴሌግራም ይዞራል፤ ከሥሩም የሰንበቴውን ተራ አንዱ ጽፎበታል። ወረቀት ይቀደዳል፣ ፎቶ ግን አይቀደድም። አገርነሽም ዳባት ገበያ ስትወጣ አይታት የማታውቅ ሴት «አንቺ ነሽ ሠላሳ አንደኛዋ?» ብላታለች።

አንድ ቀን ለእናንተም ይደርሳችሁ ይሆናል። ስልካችሁን ስትከፍቱ አርባ መስመር፣ አርባ ጓዳ። ማንም አያያችሁም፤ ጣታችሁ ማጥፊያው ላይ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ዐይናችሁን ትጥላላችሁ፣ ወይስ ሳታዩ ታጠፉታላችሁ?